ጦርነትን ስለ ፈቀደ የሕዝብ እንደራሴ

አንባቢ ሆይ፤ በዚህች ጽሑፍ ልናገረው ያሰብሁት ነገር ከወጣቶች አፍ ብዙ ጊዜ የሚሰማ ጥያቄ ነው። የሕዝብ እንደራሴ በምክር ቤት ተቀምጦ መንግሥት ጦር እንዲያዘምት እጁን አውጥቶ ከፈቀደ በኋላ፣ ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ ጦሩን ያዘዘውን መሪ መደገፍ ግዴታው ነውን? አንዳንዶች የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ። ጦሩ ከሰፈሩ ከወጣ ወዲያ መጠየቅ ጠላትን ማስደሰት ነውና አፍን ይዞ መቀመጥ ይገባል ባዮች ናቸው። እኔ የማምነው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ያልፈቀደው እንደራሴ ዝም ቢል ምናልባት ይቅር ይባል ይሆናል፤ የፈቀደው ግን ከሁሉ ይልቅ ዝም ለማለት መብት የሌለው እርሱ ነው።

አስቀድሞ ቃሉን እንመልከት። እንደራሴ ማለት «እንደ ራሴ» ማለት ነው። በቀድሞው ዘመን በንጉሥ ፋንታ ሆኖ የሚሠራውን ሰው በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ሲነግሡ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ መባላቸው ስለዚህ ነው። ኋላ ግን ቃሉ ከንጉሥ ወደ ሕዝብ ዞረ፤ እንደራሴም በንጉሥ ፋንታ ሳይሆን በገበሬው፣ በነጋዴው፣ በወታደሩና በወታደሩ እናት ፋንታ የሚቀመጥ ሰው ሆነ። እጁን ሲያወጣ የሚያወጣው የራሱን እጅ ብቻ አይደለም።

ባገራችን ጦርነት በነጋሪት ይታወጅ በነበረበት ረዥም ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ አይነሣም ነበር። ንጉሡ ከመኳንንቱ ጋር ይመክራል፤ ክተት ይላል፤ አገሩም ይከታል። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ የተባለው በከንቱ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን ቢያቆምም ጦርነት የማወጁን ሥልጣን ለንጉሠ ነገሥቱ ትቶታል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ንጉሠ ነገሥቱ ጦርነት የሚያውጁት በምክር ቤቱ ምክርና ስምምነት ነው አለ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤትን አባሎች ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፁ መረጠ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ ነገሩን ከፋፍሎ ሰጠው፤ የጦርነቱን ዐዋጅ ረቂቅ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያቀርባል፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአንቀጽ 55 መሠረት ያውጃል፤ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ በአንቀጽ 74 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይሆናል። በአንቀጽ 54 ያለውን ነገር ወጣቶች ሁሉ ቢያነቡት እወዳለሁ። የምክር ቤቱ አባሎች የሚገዙት ለሦስት ነገር ነው ይላል፤ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው። ከነዚህ ከሦስቱ ጌቶች መካከል ጠቅላይ ሚኒስትሩ አይገኝም።

የሚጠይቅ ምክር ቤት በሌለበት አገር ጦርነት ምን እንደሚመስል የእኛ የድሬዳዋ ሰዎች በጥቂቱ እናውቃለን። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማልያ ጦር እስከ ከተማችን ዳርቻ ደርሶ ነበር። እኔ ያን ጊዜ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የምማር ጎረምሳ ነበርሁ። የከተማችን ኑሮ የተመሠረተበት የምድር ባቡር መንገድ ተቈርጦ ሥራው ቆሞ ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የሱማሌው፣ የኦሮሞው፣ የአማራው፣ የሐረሪውና የዐረቡ ልጅ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሚማርበት ከተማ፣ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በጥርጣሬ ማየት መጀመሩ ነው።

ያን ጦርነት ማን ፈቀደው? በሞቃዲሾ የነበረው ምክር ቤት ዚያድ ባሬ በ1962 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዝ ተበትኗል። በአዲስ አበባ የነበረውም በመስከረም 1967 ዓ.ም. በደርግ ተዘግቷል። የእኛ ወገን የተወረረ ወገን ስለ ነበረ ራሱን መከላከሉ የሚጠየቅበት አይደለም። ነገር ግን በሁለቱም አገር «ይህን አድርገሃልን? ለምን አደረግህ? መቼ ይበቃል?» ብሎ በሕግ የሚጠይቅ አንድም ሰው አልነበረም። ከዚያም የሆነውን ልብ በሉ። የሶማልያ ጦር ድል ከሆነ በኋላ፣ ባልተጠየቀው ጦርነት የተቈጡት የጦር መኮንኖች በሚያዝያ 1970 ዓ.ም. በዚያድ ባሬ ላይ ተነሡ፤ ሙከራውም ከሸፈ። በእኛም አገር በሰሜን ያለው ጦርነት ማለቂያ ሲያጣ ጄኔራሎቹ በግንቦት 1981 ዓ.ም. በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ ተነሡ፤ እነርሱም አልቀናቸውም። አንደበት በምክር ቤት ሲዘጋ ጥያቄው በጠመንጃ አፍ ወጣ።

ምክር ቤት ካለ ግን፣ እርሱም ከፈቀደ በኋላ ምን ማድረግ ይገባዋል? ነገሩን በገበያ ምሳሌ ላስረዳ። በቀፊራ ገበያ የሚነግድ ሰው ገንዘብ ሲበደር ጎረቤቱን ዋስ ይጠራል። ዋሱ ከፈረመ በኋላ «እኔ ፈርሜአለሁ፤ ከእንግዲህ ወዲህ የሚሆነው አያገባኝም» ብሎ ይተኛልን? አይተኛም። ይልቁንም ያልፈረሙት ጎረቤቶች ሁሉ ሲተኙ እርሱ በማለዳ ተነሥቶ ወደ ባለዕዳው ሱቅ ብቅ ይላል። ሱቁ ተከፍቷል ወይ? ዕቃው አለ ወይ? ገንዘቡ ለንግድ ወጣ ወይስ ለጫት? ባለዕዳው ተቈጥቶ «ካመንኸኝ ለምን ትጠይቀኛለህ?» ቢለው፣ «ስላመንሁህማ ነው የምጠይቅህ፤ አንተ ብትጠፋ ከፋዩ እኔ ነኝ» ይለዋል። ጦርነትን የፈቀደ እንደራሴም ዋስ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እርሱም ልዩነት ያስፈራል። የገበያው ዋስ ከራሱ ኪስ ይከፍላል፤ የእንደራሴውን ዕዳ ግን የሚከፍለው በጦር ሜዳ ያለው የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ሌላው በሚከፍልበት ዕዳ ላይ የፈረመ ሰው ከገበያው ዋስ አብልጦ መንቃት አይገባውምን?

ባገራችን ይህ ነገር በግልጽ የታየው በ1999 ዓ.ም. ነው። በሞቃዲሾ የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረት የተባለው ወገን በርትቶ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በኅዳር 14 ቀን በምክር ቤቱ ቀርበው ለአገሪቱ ግልጽ የሆነ አደጋ መደቀኑን ተናገሩ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ኅዳር 21 ቀን ምክር ቤቱ መንግሥት አስፈላጊውን ሕጋዊ እርምጃ ሁሉ እንዲወስድ ውሳኔ አሳለፈ። ከተቃዋሚዎቹ አባሎች ያልተስማሙበት ነበሩ፤ ውሳኔው ግን በብዙ ድምፅ አለፈ። በታኅሣሥ አጋማሽ መንግሥት ጦርነት መግባቱን በይፋ ተናገረ፤ ታኅሣሥ 19 ቀን የኅብረቱ ታጣቂዎች ሞቃዲሾን ለቀው ወጡ። ወዲያውም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጦሩ ከጥቂት ሳምንታት በላይ እንደማይቆይ ለምክር ቤቱ ተናገሩ።

ጦሩ የወጣው በጥር 2001 ዓ.ም. ነው፤ ጥቂቶቹ ሳምንታት ሁለት ዓመት ሆኑ። በዚያው ወር መጨረሻ በጅቡቲ የሶማልያ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ሼክ ሸሪፍ አሕመድ ናቸው፤ እርሳቸውም ምክር ቤታችን ውሳኔ ያሳለፈበት የዚያው ኅብረት መሪ የነበሩ ሰው ናቸው። እኔ ይህን የምጽፈው ዘመቻው ስሕተት ነበር ለማለት አይደለም። አደጋው ነበረ የሚሉ ዐዋቂዎች አሉ፤ አገር ከጎረቤቷ ጋር መታረቋም የሚያስደስት እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን የኅዳር 21 ውሳኔ የተሰጠው ለአንድ አደጋና ለአንድ ጠላት ነበር። ሳምንቱ ወር ሲሆን፣ ወሩ ዓመት ሲሆን፣ ጠላቱ ሌላ ስም ይዞ አል ሸባብ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ፈቃድ ይበቃል ወይ ብሎ መጠየቅ የማን ሥራ ነበር? ከተቃዋሚዎቹ ያልተስማሙት በመጀመሪያ ቀን ተናግረዋል። ከዚያ ወዲያ መጠየቅ የሚገባቸው እጃቸውን ያወጡት ናቸው። በሶማልያ ምድር የወደቁት ወታደሮቻችን ስንት እንደ ሆኑ ግን በዚያ አዳራሽ በቁጥር አልተነገረም። ለዋስ የዕዳው ልክ አልተነገረውም ማለት ነው።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ስለ ተነሣው ጦርነት ብዙ አልጽፍም። ምክር ቤቱ ያን ጊዜ ያጸደቀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ነበር፤ ጦርነቱም በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ። ቁስሉ ገና አልደረቀምና ለእኔ ላለ ሽማግሌ ማልቀስ ከመጻፍ ይቀልለኛል።

አሁን ወደ ተቃራኒዎቼ ክርክር ልመለስ፤ ክርክራቸው የሚናቅ አይደለምና። ጦሩ በጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ሳለ በምክር ቤት ጭቅጭቅ ከተነሣ የወታደሩ ልብ ይሰበራል፣ ጠላትም ይደፋፈራል ይላሉ። ወንድሙ በግንባር ያለ ሰው ይህን ሲሰማ እውነት ይመስለዋል፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን ይህ ክርክር ሁለት ነገሮችን አንድ አድርጎ ያስራል፤ ወታደሩንና አዛዡን። እንደራሴው ለወታደሩ ያለበት ዕዳ ስንቁ፣ ደመወዙ፣ ሕክምናውና የሟቹ ልጆች ማሳደጊያ ነው። እነዚህን ማጉደል ክሕደት ነው። ለአዛዡ አሳብ ግን እንዲህ ያለ ዕዳ የለበትም። ይህን ለይቶ ያሳየን አብርሃም ሊንከን ነው። ሊንከን በፈረንጆች አቆጣጠር በታኅሣሥ 1847 የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆኖ ሲገባ የሜክሲኮ ጦርነት ከተጀመረ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ፕሬዚዳንት ፖልክ ደማችን በገዛ መሬታችን ፈሰሰ ብሎ ምክር ቤቱን ጦርነት አሳውጆ ነበርና፣ ሊንከን ተነሥቶ ደሙ የፈሰሰበት ቦታ በእርግጥ የእኛ መሬት ነውን? ቦታውን አሳየን ብሎ ጠየቀ። ጦርነቱ ያለ አስፈላጊነት በፕሬዚዳንቱ የተጀመረ ነው የሚለውንም ቃል ደግፎ ድምፅ ሰጠ። ለወታደሮቹ ስንቅና ገንዘብ ሲጠየቅ ግን ይፈቅድ ነበር።

የሚሲዮን ትምህርት ልጅ ስለ ሆንሁ መጽሐፈ ነገሥትንም ሳላነሣ አላልፍም። የይሁዳ ንጉሥ ኢዮሣፍጥ ከእስራኤል ንጉሥ ከአክዓብ ጋር ወደ ሬማት ዘገለዓድ ሊዘምት ቃል ገባ። ከገባም በኋላ የእግዚአብሔርን ቃል እንጠይቅ አለ። አራት መቶ ነቢያት ውጣ፣ ይቀናሃል አሉ፤ አንዱ ሚክያስ ግን መከራውን ተናገረ። ኢዮሣፍጥ ሰማ፤ ሰምቶም ዝም ብሎ ዘመተ። በጦርነቱ ቀን አክዓብ ልብሱን ለውጦ ሲገባ ኢዮሣፍጥ የንግሥ ልብሱን እንደ ለበሰ ነበርና፣ የጠላት ሠረገሎች የከበቡት እርሱን ነው። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚደንቀኝ ሚክያስ አይደለም፤ እርሱ ነቢይ ነው። የሚደንቀኝ መጠየቁን ያወቀ፣ መልሱንም የሰማ፣ አስቀድሞ በገባው ቃል ግን የታሰረው ኢዮሣፍጥ ነው።

ጠላት ይደፋፈራል ለሚለው ደግሞ የእንግሊዞችን ታሪክ እናምጣ። በፈረንጆች አቆጣጠር በግንቦት 1940 እንግሊዝ ከሂትለር ጋር በጦርነት ላይ ነበረች፤ በኖርዌይ የዘመተው ጦሯም ተሸንፎ ይመለስ ነበር። በዚያ ቀን ዝም ማለት የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ከዚያ የባሰ ቀን አይገኝም። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ ምክር ቤት ሁለት ቀን ሙሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ቻምበርሌንን በጥያቄ አጨናነቀው። ከተናገሩት ሁሉ ቃሉ እንደ መዶሻ የወደቀበት ሊዮ አሜሪ የተቃዋሚ ሰው አልነበረም፤ የቻምበርሌን የገዛ ፓርቲው ሰው ነበር። ድምፅ ሲቆጠር ቻምበርሌን 281 ለ200 አሸነፈ፤ ነገር ግን አርባ የሚያህሉ የራሱ ወገን ሰዎች ከተቃዋሚዎቹ ጋር ስለ ቆሙ ማሸነፉ እንደ መሸነፍ ተቈጠረ። ግንቦት 10 ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ቸርቺልም ተተካ። ሂትለር በዚያ ጭቅጭቅ ምን ተጠቀመ? እነዚያ ሰዎች ጦርነቱን ደግፈው ነበር፤ መሪውን የተዉትም ጦርነቱን ስለ ደገፉ ነው።

የሌላውን አብነት ደግሞ ከጠላታችን ቤት ላምጣ። የዐድዋን ታሪክ ከእኛ ወገን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከሮማ ምክር ቤት ወገን ግን ማን ያነበዋል? በ1888 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ የኢጣልያ ጦር በአምባ አላጌ ድል ከሆነ በኋላ የሮማው ምክር ቤት ለጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ሃያ ሚሊዮን ሊሬ ፈቀደለት። ወታደሩ በመርከብ ወደ ምጽዋ ጎረፈ። ክሪስፒም ድል በቶሎ እንዲመጣለት ጄኔራል ባራቲዬሪን በቴሌግራም ይጎተጉተው ጀመር። ገንዘቡን የፈቀዱት ሰዎች፣ ይህ ገንዘብ አገር መጠበቂያ ነው ወይስ የአንድ ሽማግሌ ክብር ማስመለሻ? ብለው በጊዜው ጠይቀው ቢሆን፣ የካቲት 23 ቀን በዐድዋ ተራሮች በሺህ የሚቆጠሩ የኢጣልያ ልጆችና የኤርትራ አስካሪዎች ባልረገፉም ነበር። የተጠየቀው ከእልቂቱ በኋላ ነው፤ ክሪስፒም በጥቂት ቀን ውስጥ ወደቀ። ግፈኛ በሆነ ጦርነት ላይ እንኳ ጥያቄ የዘገየበት እንደራሴ የገዛ ሕዝቡን ልጆች ያስፈጃል።

የዘገየ ዋስ ከሁሉ ይልቅ የታየው በአሜሪካ ነው። በነሐሴ 1964 በፈረንጆች አቆጣጠር ፕሬዚዳንት ጆንሰን በቶንኪን ባሕር ሰላጤ መርከቦቻችን ሁለት ጊዜ ተመቱ አለ። ምክር ቤቶቹም የሚያስፈልገውን ሁሉ እንዲያደርግ ፈቀዱለት፤ በታችኛው 416 ለባዶ፣ በላይኛው 88 ለ2። ሁለተኛው አደጋ ጭራሽ አለመድረሱ የታወቀው ኋላ ነው። ፈቃዱን በላይኛው ምክር ቤት ያሳለፈው ሴናተር ፉልብራይት ነበር። ይህ ሰው በ1966 የጦርነቱን ሹማምንት በአደባባይ፣ በቴሌቪዥን ፊት እየጠራ መመርመር ጀመረ። ብዙዎች አንተ አይደለህምን ያሳለፍኸው? ብለው ተሳለቁበት። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ መካከል ሥራውን የሠራ ዋስ ሆኖ ይታየኛል፤ ያሳለፈው እርሱ ስለ ሆነ ነው የጠየቀው። ፈቃዱ የተሻረው በጥር 1971 ነው። በመካከሉ ስንት ሺህ ሰው አለቀ!

ከዚህ ጋር የሚነቀፍ ሌላ ጠባይ አለ። ጦርነቱ ሲቀና «እኔ ፈቅጄአለሁ» የሚል፣ ሲከፋ ደግሞ «አታለሉኝ፤ እኔ አላወቅሁም» ብሎ እጁን የሚታጠብ እንደራሴ በየአገሩ ሞልቷል። መታለል ይኖራል። ነገር ግን ሦስት ዓመት ሳይጠይቅ ተቀምጦ በአራተኛው ዓመት ተታለልሁ የሚለው ሰው፣ የተታለለው በሌላ ሰው ሳይሆን በገዛ እንቅልፉ ነው።

መጠየቅ ዋጋ እንደሚያስከፍል ለወጣቶች መደበቅ አይገባኝም። በ1964 እምቢ ያሉት ሁለቱ ሴናተሮች፣ ሞርስና ግሩኒንግ፣ በ1968 ምርጫ ሁለቱም ወንበራቸውን አጡ። በእኛም አገር በ1999 ዓ.ም. በምክር ቤቱ ውስጥ ብዙ የተቃዋሚ ድምፅ ነበረ፤ ጦራችን በ2004 ዓ.ም. እንደገና ወደ ሶማልያ ሲገባ ግን ከ547 ወንበሮች የተቃዋሚ ፓርቲ የነበረው አንድ ብቻ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ከአባሎቹ አንድ ሦስተኛው ከጠየቀ ምክር ቤቱ በአስፈጻሚው ሥልጣን ላይ መነጋገር እንዳለበት ይደነግጋል። የ547 ሰው አንድ ሦስተኛ 183 ነው። ያ አንድ ሰው ቢጠይቅ እንኳ ቀሪዎቹ 182 መምጣት የነበረባቸው ከሌላ አልነበረም፤ ሊዮ አሜሪ እንደ መጣ ከመሪው የገዛ ወገን፣ እጃቸውን አውጥተው ከፈቀዱት መካከል ነበር።